ሽማግሌ የማስቆም ሙያ

ከዴንቨር አጠገብ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለው የአፓርታማ ግቢ መብራት ሲጠፋ ሐበሻው ለመብራት ኩባንያው አይደውልም። የሚደውለው ለበድሉ ነው። «በድሉ፣ ምነው አጠፋችሁብን?» ይሉታል፤ እሱ ራሱ በስልኩ ብርሃን ካልሲውን እየፈለገ። ገና ተለማማጅ መሆኑን፣ ሰብስቴሽን በሚባሉት የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያዎች እየዞረ መሣሪያ ከመፈተሽና ንድፍ ከማስተካከል ያለፈ ሥልጣን እንደሌለው ሊያስረዳ ይሞክራል። ማን ሰምቶት። መብራት ኩባንያ የሚሠራ ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን ኪሱ ከትቶ የሚዞር ነው የሚመስላቸው።

በድሉን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜው አርባን ሊረግጥ ነው፤ ጸጉሩ ከፊት ለፊት ሸሸት ብሏል፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምሮ፣ ዲቪ ደርሶት ዴንቨር ሲገባ ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ተኛ። እሱ ግን አልተኛም፤ አየር ማረፊያ ዊልቸር ሲገፋ ዓመታት አለፉ። ሥራው የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም። ቤት ያቆመ፣ ልጅ ያሳደገ ሥራ ነው። ብቻ ጓደኞቹ «ኢንጂነር» ብለው ሲጠሩት እየቀለዱ ይሁን እያከበሩት ለይቶ ማወቅ ስላቃተው ነገሩ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁረው ነበር።

ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማረ። አውቶቡስ ላይ እያጠና፣ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ጨረሰ። የመብራት ኩባንያው «ኢንጂነሪንግ አፕረንቲስ» ብሎ የተቀበለው ዕለት ሚስቱ ሲና ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ደውላ አለቀሰች፤ ልጁ ሊዲ ደግሞ አዲሱን የሥራ ቆብ፣ ሃርድ ሃቱን፣ ደፍታ ራቷን በላች። ቋሚ ለመሆን የሙከራ ጊዜውን ማለፍ ነበረበት። እሱም ቢሆን የሚያስፈራ አልመሰለውም። ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ሰዓት ያከብራል፤ ሰው አያስቀይምም።

ጉዱ የመጣው ከዚህች ከመጨረሻዋ ነው።

አብሮ እንዲሠራ የተመደበው ከሬይ አርቹሌታ ጋር ነበር። ሬይ ከደቡብ ኮሎራዶ የመጡ፣ ጺማቸው የነጣ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው ቴክኒሻን ናቸው። ሚስታቸው በየማለዳው ቃሪያ የበዛበት ቡሪቶ፣ የሜክሲኮ ጥቅል ቂጣ፣ በፎይል ጠቅልለው ይሰጧቸዋል፤ ሬይም ግማሹን ለበድሉ ይቆርሳሉ። እንግሊዝኛው አንቱ አያውቅም፤ ለሁሉም «ዩ» ነው። በድሉ ግን በልቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሽ ሬይ ብሏቸዋል፤ እኔም ከእሱ አላንስም።

ሬይ መጀመሪያ ያስተማሩት ሬዲዮ ነው። ሰብስቴሽን ውስጥ አንድ ስዊች ከመነካቱ በፊት ኮንትሮል ሩም ከሚሉት መቆጣጠሪያ ክፍል ትእዛዝ ይመጣል። ትእዛዙን የሰማ ሰው ቃል በቃል ይደግመዋል። ያዘዘችው ሴት «ትክክል» ስትል ብቻ እጅ ይንቀሳቀሳል። ይኸው ነው፤ ሕፃን ይችለዋል። በድሉ ሬዲዮውን ያዘ፤ ሴትየዋ ትእዛዙን አነበበች፤ እሱም «ኦኬ» አለ። ደግማ አነበበች። «ኦኬ፣ ኦኬ» አለ፣ በሁለት ኦኬ የምትረካ መስሎት። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነብለት «የስ ማም፣ ታንክ ዩ» ብሎ አረፈው።

ሬይ ከመኪናው ተደግፈው በሳቅ ፈረሱ። «ምን አለችህ?»

«ገብቶኛል።»

«ገባህ ወይ አላልኩህም። ምን አለችህ?»

በድሉ ባደገበት ቤት ትልቅ ሰው የተናገረውን ቃል መልሶ ለዚያው ሰው መንገር መዘባበት ነው። አባቱ «ከሱቅ ክብሪት ገዝተህ ና» ሲሉት «ከሱቅ ክብሪት ገዝቼ እመጣለሁ» ብሎ ቢደግምላቸው ኖሮ ክብሪቱ ሳይጫር ጆሮው ይነድ ነበር። ለታላቅ መልሱ «እሺ» ነው፤ እሺ ይበልጣል ከሺህ የሚል ሕዝብ ልጅ ነውና። ባይገባህም እሺ ብለህ ትሄድና መንገድ ላይ ሌላ ሰው ትጠይቃለህ። ሰብስቴሽን ውስጥ ግን መንገድ ላይ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም።

ሁለተኛው ደንብ የባሰ ነበር። ማንም ሰው፣ ትናንት የተቀጠረም ቢሆን፣ አደጋ የመሰለውን ነገር ሲያይ «ስቶፕ» ማለት አለበት። አለቃ ይሁን ሽማግሌ፣ ያን ቃል የሰማ ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው። በድሉ ይህን ሲሰማ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ የጽሑፍ ፈተናውንም ሙሉ አገኘ። ከአፉ ግን ቃሏ አልወጣ አለች። ሬይ ሆን ብለው ጓንት ሳያደርጉ ወደ መሣሪያው ይጠጋሉ፤ በድሉ ያያል፣ ይጨነቃል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በመጨረሻም የራሱን ጓንት አውልቆ ያቀብላቸዋል።

የሁለቱ አለቃ ሚሼል የምትባል ቀጭን ሴት ናት፤ ነገር አታስረዝምም። በሙከራ ጊዜው አጋማሽ ላይ ጠርታ አስቀመጠችው።

«ሥራህን እወደዋለሁ» አለችው። «ግን እስካሁን አንድም ሰው ስታስቆም አላየሁም። የማይናገር ሰው እዚህ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ኦክቶበር እስኪመጣ ይህ ካልተለወጠ ቋሚ ላደርግህ አልችልም።»

በድሉ ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም። «ኦኬ» አለ።

እቤት ሲገባ ፊቱን ያየችው ሲና ጫማውን ሳያወልቅ ነገሩን አወጣጣችው። ሰምታ ስትጨርስ አዘነች፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ተናደደች።

«አባትህ ‹ዝም አይነቅዝም› እያሉ አሳድገውህ ነው።»

«እና ውሸት ነው?»

«እዚያ አይነቅዝ ይሆናል። እዚህ ነቅዟል። ወደ ዊልቸሩ መመለስ ትፈልጋለህ?»

አልፈለገም። ይህን ጮክ ብሎ ለመናገር ያፍር ነበር እንጂ ከምንም በላይ የሚፈራው እሱን ነው። ሥራውን ንቆ አይደለም፤ ሊዲ ትምህርት ቤት ሄዳ «አባቴ መብራት እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ሰው ነው» ብላ ተናግራ ስለመጣች ነው። ያንን ቃል መልሶ ከልጅቷ አፍ እንዴት ይነጥቃል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእነ በድሉ ቤት «እሺ» የሚባል ቃል በሕግ ተከለከለ። ሕግ አውጪዋ ሲና፣ ፖሊሷ ሊዲ ናት።

«ስትመጣ ወተትና ቀይ ሽንኩርት ይዘህ ና» ትላለች ሲና።

«እሺ።»

«ባባ፣ ዩ ዲድንት ሪፒት ኢት ባክ» ትላለች ሊዲ፣ አልደገምከውም ስትል፣ ከሶፋው ላይ፣ ዓይኗን ከታብሌቷ ሳታነሳ።

«ስመጣ ወተትና ቀይ ሽንኩርት ይዤ እመጣለሁ።»

«ኮሬክት።»

ሲና ሕጉን ባሏን ለማዳን ብታወጣውም ጥቅሙን ቶሎ አየችው። ትዳር ከያዙ ጀምሮ እሺ ተብለው የቀሩ ነገሮች ሁሉ መሠራት ጀመሩ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ዘይት ተቀባ። የመኪናው ጎማ ተቀየረ። መጦሪያ ቤት አብረዋት ለሚሠሩ ሐበሾች ስታወራ ወሬው ተዛመተ፤ አንዳንድ ባሎችም በድሉን ኮልፋክስ ላይ ሲያገኙት ሰላምታቸው ቀዘቀዘ።

ሬዲዮው በዚህ ዳነ። ሳምንትም ሳይቆይ የኮንትሮል ሩሟ ሴት ድምፁን ስትሰማ ደስ እንደሚላት ለሬይ ነገረቻቸው። ሁለተኛዋ ቃል ግን እንደ አሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረች። ቤት ውስጥ እንዴት ይለማመዳታል? ሲናን «ስቶፕ» ቢላት ምን እንደምትለው ያውቃል፤ ሊዲ ደግሞ መች ቆማ ታውቃለች።

ልምምዱ የመጣው ካልታሰበበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው። በድሉ ከሥራ ያመጣት የምታብለጨልጭ ቢጫ ሰደርያ ስላለችው ምእመናኑ ሌላ መስፈርት ሳይፈልጉ የፓርኪንግ አገልጋይ አድርገውት ነበር። አንድ እሑድ ጋሽ ፍቅረየሱስ የተባሉት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ አምልኮ አልቆ መኪናቸውን ወደ ኋላ ማውጣት ጀመሩ። ጋሽ ፍቅረየሱስ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱ ናቸው፤ መስታወት የሚያዩት ለጸጉራቸው ብቻ ነው። ከኋላቸው የመብራት ምሰሶ አለ። በድሉ ምሰሶውን አየ፣ መኪናውን አየ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲያልቅም አየ።

ሮጦ መስኮቱ አጠገብ ደረሰና ዝቅ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካላስቸገርኩዎት…» ሲል ከኋላ ጓ! አለ። ቀዩ የኋላ መብራት አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ጋሽ ፍቅረየሱስ ወረዱ። ምሰሶውን ዞረው አዩት፣ ትናንት የተተከለ ይመስል። ሰውም ተሰበሰበ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ቆመህ ዝም ትለኛለህ?»

«እየነገርኩዎት ነበር፣ ጋሼ።»

«ምን ብለህ?»

«‹ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካላስቸገርኩዎት› ብዬ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገጩ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ፍቅረየሱስ ለመቆጣት አስበው ነበር፤ ግን እሳቸውም ሳቅ አሸነፋቸው። ትከሻውን ያዙትና፣ «ልጄ» አሉት፣ «ለሰላምታ ነው እንዲህ ያለው አክብሮት። ሰው ሊጋጭ ሲል አቁመው፤ ይቅርታውን በኋላ ቁጭ ብለህ ትጠይቀዋለህ። አንተ አክብረኸኝ እኔ መብራቴን አጣሁ።» በድሉ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ።

ሴፕቴምበር እየተጋመሰ ነበር። ሚሼል የሰጠችው ጊዜ እያለቀ ነው፤ እሱ ያስቆመው ነገር ቢኖር የገዛ እንቅልፉን ብቻ ነው።

በአንድ ነፋሻ ማክሰኞ ከሬይ ጋር ከኦሮራ በስተምሥራቅ ወዳለ ሰብስቴሽን ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሜዳና ሣር ነው፤ በርቀት የአየር ማረፊያው ድንኳን መሰል ነጭ ጣሪያ ይታያል፤ በድሉ ወደዚያ ላለማየት ይሞክራል። ሥራው ቀላል ነበር፤ አንዱን መስመር አጥፍተው አዲስ የተገጠመ መሣሪያ ይፈትሻሉ። ሚሼል ከምሳ በኋላ መጥታ ልታይ ነው። ጠዋት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። መስመሩን ከላይ የሚያላቅቁት ባለ እጀታ ስዊቾች ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው፣ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት በተለጠፈባቸው ቁጥር ብቻ ነው። በድሉ ገና እጀታ ለመንካት አልተፈቀደለትም። እሱ ሬዲዮውን ይይዛል፣ ሬይ ይከፍታሉ።

ትእዛዙ መጣ። «ስዊች ሃያ አራትን ክፈቱ።»

«ስዊች ሃያ አራትን እንከፍታለን።»

«ትክክል።»

ሬይ ስለ ልጅ ልጃቸው የቅዳሜ ግጥሚያ እያወሩ ነበር። ልጅቷ ኳሷን እንዴት መትታ ከአጥር እንዳሻገረቻት እየተረኩ ሄዱ፤ ቁልፋቸውን አወጡ፤ ጓጉንቸሩን ከፍተው እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በድሉ ቀና ብሎ ቁጥሩን አየ። ሃያ ስድስት ይላል።

ሃያ ስድስት እንደ ሃያ አራት አስቀድሞ አልጠፋም። የግማሽ ከተማ መብራት በእሱ ላይ እያለፈ ነው። እንዲህ ያለ ስዊች ሲከፈት በብረቶቹ መካከል እሳት ይዘላል፤ ያ እሳት ደግሞ ከሥሩ የቆመን ሰው አይምርም።

በድሉ መጀመሪያ የተጠራጠረው ዓይኑን ነው። ሬይ ሊሳሳቱ አይችሉም፤ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ ሲሠሩት የኖሩት ነው። ምናልባት እሱ የማያውቀው ምክንያት ይኖራቸዋል። ምናልባት ቁጥሮቹ ተለዋውጠው ይሆናል። ምላሱ ላይ «ይቅርታ» የሚለው ቃል መጥቶ ተቀመጠ፤ ከኋላው ሌሎቹ የአክብሮት ቃላት ሰልፍ ይዘው ቆመዋል። አስፋልት ላይ የተበተነው ቀይ መስታወት ታየው። የሬይ ክንድ ሲጠነክር አየ።

«ስቶፕ።»

ጋሼ የለው፣ ሰር የለው፣ ስም የለው። ራቁቷን የወጣች ቃል ናት።

ሬይ እንደ ሐውልት ቆሙ። ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ደንቡ መጀመሪያ መቆም ነውና። ቀስ ብለው ቀና አሉና ቁጥሩን አነበቡ። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ጣቶቻቸውን ከእጀታው ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ፣ ጓጉንቸሩን መልሰው ቆለፉ፣ ሄደውም የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀመጡ።

በድሉን የያዘው ኩራት አይደለም፤ እፍረት ነው። የአባቱን ራቁትነት ድንገት በር ከፍቶ ያየ ልጅ ሆነ። ባደገበት ወግ የትልቅ ሰው ገበና ይሸፈናል፤ ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ ልብስ ጣል ማድረግ ነው። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማንም አላየም» አላቸው። «በእኛ መካከል ይቅር። ይረፉና ሃያ አራትን እንክፈት።»

ሬይ ቀና ብለው አዩት።

«በድሉ» አሉ፣ «በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ልታድነኝ አትሞክር። አንዱ ይበቃኛል።»

ሬዲዮውን ከእጁ ወሰዱት። ለኮንትሮል ሩሟ ሴት ስማቸውን ተናገሩ፣ የተሳሳተ ስዊች ሊከፍቱ እንደነበር ተናገሩ፣ ያስቆማቸው ተለማማጁ መሆኑን ተናገሩ፤ ስሙን ሆሄ በሆሄ እየጠሩ። በድሉ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ጡረታቸው ደጃፍ ላይ እያለ የእንጀራ ገመዳቸውን የበጠሰ መሰለው። ያቺን ቃል እሱ ባይተነፍሳት ሬይ በሕይወት እንደማይኖሩ ያውቃል፤ ቢሆንም ልቡ እንደ ከሳሽ ነበር የቆጠረው።

ሥራው ቆመ። ሚሼል የምሳ ሰዓት ሳትጠብቅ ደረሰች። መጀመሪያ ሬይን ለብቻቸው አነጋገረች፤ ከዚያ በድሉን ጠራችው። ያየውን ነገራት፤ ሳይቀንስ፣ ሳያለሳልስ፣ ይቅርታም ሳይጠይቅ።

«ስለ አንተ የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነበር» አለችው። «ከእንግዲህ የለም። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ና፤ የቋሚነትህን ውል እንፈራረማለን።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ወር እንደጠበቃት እሱ ያውቃል። ስትመጣ ግን ለመደሰት ጊዜ አላገኘም።

«ሬይስ?» አላት።

«ለጥቂት ቀን ስዊች አይነኩም። ክፍል ገብተው ደንቡን እንደ አዲስ ይማራሉ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጥፋቱን ራሱ የተናገረን ሰው እንዴት አባርራለሁ?»

በድሉ ያኔ ነው የተነፈሰው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይስቅ ይሁን ያልቅስ እሱም አላወቀውም።

ቀትር ሳይደርስ ወደ ከተማ መንገድ ጀመሩ። ሬይ ነበሩ የሚነዱት። መንገድ ላይ የመኪናውን ስልክ ተጭነው ሚስታቸው ዘንድ ደወሉ፤ ዶሎሬስ ይባላሉ፤ በድሉ የሚያውቃቸው በቡሪቷቸው ብቻ ነው። ሬይ ምንም ሳይደብቁ የሆነውን በእንግሊዝኛ ነገሯቸው።

«ልጁ አጠገብህ አለ?» አሉ ሴትየዋ።

«አለ። ይሰማሻል።»

ዶሎሬስ በስፓኒሽ መናገር ጀመሩ። በድሉ ከስፓኒሽ ሰላምታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይሁን እንጂ ድምፃቸው ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተነሣ ሲሄድ ምን እያሉት እንደሆነ ማንም እንዲተረጉምለት አላስፈለገውም። ሃርድ ሃቱን አወለቀ። ራሱን ዝቅ አደረገና ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ሴትየዋ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ባሉ ቁጥር በአማርኛ «አሜን» ይላል።

አሜኑን ሲሰሙ ዶሎሬስ በረቱ፤ ምርቃታቸውም ረዘመ። ሬይ መንገዱ አልታይ ስላላቸው መኪናዋን ዳር አስያዟት። ሁለቱም ሴትየዋ እስኪጨርሱ ድረስ እዚያው ቆዩ።